ታፔላ የሌለው ደጓሽ፦ የእናቴን ዳዊት ያደሱልኝ መሪጌታ

መጽሐፍ የሚደጉሱት፣ ማለትም ጠርዘው ቆዳ የሚያለብሱት መሪጌታ ቤት ታፔላ የለውም። ሽሮ ሜዳ፣ የባህል ልብስ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ጀርባ፣ በጠባቧ መተላለፊያ ገብታችሁ ሦስተኛው የቆርቆሮ በር ነው። በሩ ላይ በነጭ ቀለም የተሣለች ትንሽ መስቀል አለች። ከእሷ ሌላ ምልክት የለም። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ሁለት ጊዜ አልፌዋለሁ። በኋላ ነጠላ የሚሸጥ ልጅ አይቶኝ «መጽሐፍ የሚጠርዙትን አባት ነው የምትፈልጊው?» ብሎ በሩ ድረስ ወሰደኝ።

ይህን የምጽፈው ቤቱ ውስጥ ያረጀ የጸሎት መጽሐፍ ላለው ሰው ነው። የእናት፣ የአያት፣ የአጎት ዳዊት ይኖራችኋል። ጀርባው የተላቀቀ፣ በላስቲክ የታሰረ፣ ራስጌ የተቀመጠ። እሱን ለማን እንደምትሰጡ አስቡበት። እኔ ሳላስብ ሰጥቼ ተጎድቻለሁ።

የእናቴ ዳዊት የታተመ ነው፣ ብራና አይደለም። ዳዊት ስንል መቼም 150ው መዝሙር ብቻ አይደለም። ጸሎተ ነቢያቱ፣ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን፣ ውዳሴ ማርያም፣ አንቀጸ ብርሃን፣ ሁሉም አብሮ የተጠረዘ ነው። እናቴ የዕለቱን ሳትደግም ቡና አታፈላም ነበር። ሰኞ ከ1 እስከ 30። ማክሰኞ ከ31 እስከ 60። ከዚያም የየዕለቱን ድርሻ እያለች ዓርብ 130 ላይ ታቆማለች። በዚህ ምክንያት መጽሐፉን ዘግታችሁ ከጎኑ ስታዩት፣ ዕለቱ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቦታ ጠቆር ጠቆር ብሎ ይታይ ነበር። የጣቷ ወዝ ነው። ኅዳጉ ላይ፣ በገጹ ባዶ ጠርዝ፣ ደግሞ በእርሳስ የሰው ስም ትጽፍ ነበር። የታመመ፣ የተሰደደ፣ እስር ቤት የገባ፣ ሥራ ያጣ። ሁሉንም በክርስትና ስማቸው። የአንዳንዶቹን ዓለማዊ ስም እስከ ዛሬ አላውቀውም።

እናቴ ካረፈች በኋላ መጽሐፉን መሀል ከተማ ወዳለ አንድ የጥራዝ ቤት ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም። ዘመናዊ ነው፣ መስታወት በር አለው፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ በሁለት ቀን ያደርሳል። በሁለት ቀን አደረሱልኝ። ቀይ ፕላስቲክ ሽፋን፣ የሚያብረቀርቅ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ገለጥኩት። ዙሪያውን በማሽን ቆርጠውታል። ጫፉ ሁሉ ነጭ ሆኗል። የጣቷ ወዝ የለም። ኅዳጉ ላይ ያሉት ስሞች ግማሽ ግማሽ ሆነዋል፤ «ወለተ» ብሎ ቀሪው የለም፣ «ገብረ» ብሎ ቀሪው የለም። ተመልሼ ሄድኩ። ልጁ መጽሐፉን እንኳ ሳይከፍት «ድሮም እንደዚህ ነበር» አለኝ። ኃላፊውን ጠራሁት። እሱም «ድሮም እንደዚህ ነበር» አለ። ዞሬ ወጣሁ። ምን እላለሁ? ወረቀቱን መልሰው ሊያበቅሉት አይችሉ። ግን «ቆርጠነዋል፣ ይቅርታ» ቢሉኝ ኖሮ ያን ቀን እንደዚያ እያለቀስኩ ቤቴ አልገባም ነበር።

በጎን በኩል በሽቦ መትተው፣ ላዩን ሙጫ ስላፈሰሱበት መጽሐፉ እንደ ልቡ አይከፈትም። በሦስት ወሩ ደግሞ ቅጠሎቹ መርገፍ ጀመሩ። ያኔ ነው የንስሐ አባቴ ወደ ሽሮ ሜዳ የላኩኝ። «ስማቸውን መናገር አይወዱም፣ መሪጌታ በያቸው» አሉኝ። ስለዚህ እኔም መሪጌታ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ቤቱ ጠባብ ነው። አንድ መስኮት፣ አንድ ረጅም አግዳሚ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ የፍየል ቆዳ። ሲገቡ የቆዳው ሽታ አፍንጫ ይመታል፣ ከቆይታ በኋላ ይለመዳል። መሪጌታ መጽሐፉን ተቀብለው ተሳለሙት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩና መግለጥ ጀመሩ። መነጽር አላደረጉም። ብዙም ያነበቡ አይመስልም፤ የአንዱን ገጽ የመጨረሻ ቃል፣ የሚቀጥለውን የመጀመሪያ ቃል በዓይናቸው እየነኩ ያልፋሉ። ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀሳል። «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን» ብለው ጀምረው ሳያቋርጡ ቀጠሉ። በቃላቸው ነው። ቅጠል የጎደለ እንደሆነ የሚያውቁት እንደዚህ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ውዳሴ ማርያም ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። «የረቡዑ ከማክሰኞው ፊት ገብቷል» አሉ። የጥራዝ ቤቱ ሁለት ክፍል አዟዙሮ ነው የመታው። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ይዤው አላየሁም ነበር።

መዝሙር 130 ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አገኙ። የሰም ጠብታ። ትልቅ ናት፣ የምስር ያህል። ገጹን ከቀጣዩ ጋር አጣብቃዋለች። «ይህ ሰም ይነሣ ወይስ ይቆይ?» ብለው ጠየቁኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ማንኛውም ሰው እድፍ ነው ብሎ ያነሣዋል። «እናትሽ ዓርብ ዓርብ እዚህ ላይ ነው ጧፉን የምታጠፋው» አሉኝ። እውነት ነው። የዓርቡ 130 ላይ ያልቃል። ጎንበስ ብላ በጣቷ ጧፉን ስትጫነው ይታየኛል። 130ኛው «አቤቱ ልቤ አይታበይብኝ» የሚለው አጭሩ መዝሙር ነው። ሦስት ቁጥር ብቻ። «ይቆይ» አልኳቸው። ገጾቹን ብቻ በቀጭን ቢላዋ አላቀቁና ሰሙን በቦታው ተዉት። አሁንም አለ።

ስለ ዋጋው ተነጋገርን። ሥራው፣ ቆዳው፣ ገበታው (የእንጨት ሽፋኑ)፣ ማኅደሩ (የመጽሐፉ የቆዳ ማስገቢያ) ጭምር 2,500 ብር። ቅድሚያ ክፍያ አልጠየቁም። አምስት ሳምንት አሉኝ።

ከዚያ እኔ የራሴን ሐሳብ አመጣሁ። በስልኬ ላይ ጽፌው ነበር። ፊት ለፊት ሽፋኑ ላይ በወርቅ ቀለም የእናቴ ሙሉ ስም፣ ከሥሩ «በልጇ» ብሎ የእኔ ሙሉ ስም፣ ከሥሩ ዓመተ ምሕረቱ። ለሙት ዓመቷ ለደብሩ ልሰጠው ነበር ያሰብኩት። አነበብኩላቸው። በጥሞና ሰሙኝ። «የወርቁ መሣሪያ የለኝም፣ ልጄ» አሉ። «ስሟን ግን ውስጥ እጽፍልሻለሁ። የክርስትና ስሟ ማን ነው?»

አላውቅም ነበር።

ፍትሐቱን ያስጨረሰው አጎቴ ነው። ለካህናቱ ስሟን የነገረው እሱ ነው። እኔ ያን ቀን ምንም አልሰማሁም። ከዚያ በፊት ደግሞ አልጠየቅኳትም። የጎረቤቱን ሁሉ የክርስትና ስም ኅዳግ ላይ የጻፈች ሴት፣ የራሷን የትም አልጻፈችም። መሪጌታ ፊታቸው አልተለወጠም። «ደውለሽ ጠይቂ፣ እኔ የትም አልሄድ» ብለው ክር መፍተል ጀመሩ። ውጭ ወጥቼ ደብረ ብርሃን ላለችው አክስቴ ደወልኩ። ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም። ተመልሼ ገብቼ ስነግራቸው ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉትና ዳዊቱ ውስጥ ከተቱት። «ያንቺም ይጻፍ?» አሉኝ። ቅር ብሏቸው አልነበረም፤ እሺ ብላቸው ይጽፉልኝ ነበር። ተዉት አልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። እኔ የደብራችን የአዳራሽ ማሠሪያ ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማይክ ይዤ ስም ከነብሩ የማነብ እኔ ነኝ። አምስት ሺህ የሰጠ እልል ይባልለታል። አሥር ሺህ የሰጠ ይነሣና ይታያል። ሃምሳ ብር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣች እናት ስሟ አይነበብም፣ ዝርዝሩ ስለሚረዝም። እንዲህ የወሰንነው እኛው ነን፤ እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ከሽሮ ሜዳ በታክሲ ስወርድ ያ ዝርዝር ነው ሲመላለስብኝ የዋለው። በሚቀጥለው ስብሰባ ሁሉም ስም በክርስትና ስም ያለ ብር መጠን ይነበብ ብዬ አቀረብኩ። ገና አልተወሰነም። ሰዉ ልግስናውን ይቀንሳል ብለው የሚሰጉ አሉ፤ ስጋታቸውን እረዳለሁ፣ አዳራሹ ጣሪያ የለውም። ግን አሁንም አቀርባለሁ።

ወደ ሥራው ልመለስ። አምስት ሳምንት የተባለው ሰባት ሆነ። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ። መሪጌታ እሑድ አይሠሩም፣ ያ የታወቀ ነው። በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ27 የመድኃኔ ዓለም፣ በ29 የበዓለ ወልድ ይዘጋል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ቅዳሴ ስለሚሄዱ ጠዋት ብቻ ነው የሚገኙት። ስልካቸው አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው። ሁለት ጊዜ ከሥራ አስፈቅጄ ሄጄ ተዘግቶ አግኝቻለሁ። ሙት ዓመቷ መጋቢት ውስጥ ነበርና ጨንቆኝ ነበር። ቀን ቆጥራችሁ ሥራ የምትሰጡ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ወር አስቀድሙ።

በመሀል አንድ ቀን ደርሼ ሲሠሩ አይቻለሁ። የእኔን ሳይሆን ከገጠር የመጣ የብራና መጽሐፍ ነበር፣ የአንድ ደብር ድርሳነ ሚካኤል። ገበታው ተሰንጥቆ በዋንዛ እየተኩለት ነው። የመጨረሻውን ቅጠል ገለጡልኝ። ጸሐፊው መጽሐፉን ጨርሶ በቀይና በጥቁር አንድ አንቀጽ ጨምሯል። አንባቢው በጸሎቱ እንዲያስበው ይለምናል። ራሱን ኃጥእ ነው የሚለው። ስሙ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ተፍቋል። መሪጌታ ጣታቸውን ሳያስነኩ በላዩ አሳለፉት። «ማን እንደፋቀው እንጃ» አሉ፣ «ጽሕፈቱ ግን ያምራል።» ከሁለት መቶ ቅጠል በላይ ነው። አንዱንም መስመር ተጣሞ አላየሁም።

አብሯቸው የሚሠራ ልጅ አለ፣ የአብነት ተማሪ፣ ከጎጃም የመጣ። ምሳ ሰዓት ላይ ነበር የደረስኩት። ሽሮ በአንድ ትሪ አቅርበው፣ እጅ ማስታጠቢያውን ያነሡት መሪጌታ ናቸው። ልጁ ሊቀበላቸው ተነሣ። «ቁጭ በል፣ አንተ ጠዋት ውኃ ቀድተሃል» አሉት። አስታጠቡት። ከዚያ እኔን አስታጠቡኝ። ትልቅ ሰው፣ በዚያ ላይ መሪጌታ፣ ውኃ ሲያፈሱልኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። እሳቸው ግን ሌላ ወሬ እያወሩ ነበር፤ ስለ ሙጫ ነበር የሚያወሩት። ያ የጥራዝ ቤት ሙጫ በሞቀ ውኃ እንዴት እንደሚለቅ፣ በየቅጠሉ እንዴት እየፋቁ እንዳወጡት።

መጽሐፉን የተረከብኩት ሙት ዓመቷ አራት ቀን ሲቀረው ነው።

አግዳሚው ላይ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠውታል። ሊያሳዩኝ ሲፈቱት ሽፋኑን አልነበረም መጀመሪያ የገለጡት። ጸሎተ ነቢያት ውስጥ አንድ ገጽ ከፈቱ። «ይህን ተመልከቺ» አሉኝ። ተመለከትኩ። ምንም አላየሁም። በጥፍራቸው አሳዩኝ። ከታች ወደ ላይ አንድ ጣት የምታህል የተቀደደች ቦታ፣ በስስ ወረቀት የተጠገነች። ካልተነገራችሁ አታገኟትም። «እኔ ነኝ የቀደድኩት። ሙጫውን ሳነሣ ቸኮልኩ። ይቅር በይኝ» አሉ።

መልስ አጣሁ። ያ የመስታወት በር፣ ያ «ድሮም እንደዚህ ነበር» ታየኝ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። የእኔን ይቅርታ ጠብቀው ቆመዋል። «ምንም አይደል መሪጌታ» አልኩ። «ምንም አይደል አትበይ፣ የእናትሽ ነው። ይቅር በይኝ» አሉ። «ይቅር ብያለሁ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ሽፋኑን ያሳዩኝ።

ሥራው ግሩም ነው። ጀርባው ላይ ሙጫ የለም። እንደ ብራና መጽሐፍ ክፍል በክፍል ሰንሰለት እያደረጉ በክር ሰፍተውታል። ስለዚህ የትኛውም ገጽ ላይ ከፍታችሁ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡት ተዘርግቶ ይቀመጣል፣ በእጅ መጫን አያስፈልግም። ሁለት እጃችሁን ለጸሎት ዘርግታችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። እጥፋታቸው የተበላ ቅጠሎችን አንድ በአንድ በስስ ወረቀት አያይዘዋል። ገበታው ቀጭን ዋንዛ ነው። ቆዳው ቡናማ፣ በጋለ ብረት የተደጎሰ፤ መሀሉ ላይ መስቀል፣ ዙሪያውን ሦስት መስመር። ወርቅ የለም። የተቆረጡትን ኅዳጎች ዳግም ምላጭ አልነካቸውም። ግማሽ ስሞቹ ግማሽ እንደሆኑ አሉ።

ውስጥ ገበታው ላይ፣ ቆዳው ታጥፎ በሚያልቅበት መሀል፣ ጨርቅ የሚለጠፍበት ቦታ አለ። የጥንቶቹም እንደዚህ ያደርጉ ነበር። ለዚህ የእናቴን ነጠላ ቁራጭ አምጪ ብለውኝ አምጥቼ ነበር። አረንጓዴው ጥለት በደንብ ተቀምጧል። ከሱ ትይዩ ባለው ባዶ ቅጠል ላይ በመቃ ብዕር የክርስትና ስሟ ተጽፏል። የጌታ ስም በቀይ፣ የእሷ በጥቁር። ትንሽ ናት፣ ሁለት መስመር። ሽፋኑን ገልጦ ለጸሎት የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው የሚያያት።

የማልወደው ነገር ማኅደሩ ነው። ጠብቋል። መጽሐፉን ለማውጣት ትንሽ ትግል አለው፣ በተለይ በዝናብ ወቅት። ቆዳው ሲለምድ ይሰፋል ብለውኛል፤ በስድስት ወር ውስጥ ጥቂት ለቋል እንጂ አሁንም ይይዛል። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠልበት ማሰሪያም ለእኔ ቁመት ረጅም ነው። ሲያዝዙ ቁመታችሁን አስለኩ።

2,500 ብሩን ቆጥሬ ሰጠኋቸው። ቆጠሩና ሦስት መቶውን መለሱልኝ። ቆዳው ካሰቡት ያነሰ ስለወሰደ ነው። «ለልጁ ይሁን» አልኩ። «የልጁን እኔ እሰጠዋለሁ፣ ይህ ያንቺ ነው» አሉ። ደረሰኝ የለም፣ ቴሌብርም የለም። ጥሬ ገንዘብ ያዙ።

መጽሐፉን ለደብሩ አልሰጠሁትም። የንስሐ አባቴን አማከርኩ፤ «ድገሚበት» አሉኝ። ግእዙን ገና እየተንተባተብኩ ነው የማነበው። የሰኞው 30 መዝሙር አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጅብኛል። እናቴ በምን ያህል ጊዜ ትጨርሰው እንደነበር አላስታውስም፤ ስነቃ ሁሌም ጨርሳ ነበር። ኅዳጉ ላይ የተቆረጡትን ስሞች ሳገኝ «ወለተ…» ብዬ አልፋለሁ። ቀሪውን እሱ ያውቃል።

ለመሄድ ያሰበ ሰው፦ ከአሜሪካ ኤምባሲ አልፋችሁ ሽሮ ሜዳ ገበያው ጋ ውረዱ። መኪና ማቆሚያ የለም፣ በታክሲ መሄድ ይሻላል። በሱቆቹ ጀርባ ገብታችሁ «መጽሐፍ የሚጠርዙት አባት» ብላችሁ ጠይቁ፣ ሁሉም ያውቃቸዋል። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በኋላ ሂዱ። የረገፉትን ቅጠሎች በላስቲክ ሳይሆን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሉ፣ ላስቲክ እርጥበት ይይዛል። ከራሳችሁ ቤት ምንም አትቁረጡ፣ ምንም አትለጥፉ፣ በተለይ ፕላስተር አትለጥፉ። ከባለቤቱ ልብስ የመዳፍ ግማሽ የምታህል ቁራጭ ያዙ። የባለቤቱንም የክርስትና ስም አጣርታችሁ ሂዱ። መሪጌታ ይጠይቋችኋል።